የሰማይ ጥያቄዎች፦ ከወሎ ሆኖ ሉላዊ የኮከብ ክምችቶችን ማየትና ፎቶ ማንሳት

ባለፈው እትም ስለ ሉላዊ የኮከብ ክምችቶች ጥቂት ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከላሊበላ፣ ከወልድያና ከዚሁ ከደሴ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። እትሙ ላልደረሳችሁ በአጭሩ ልድገመው። ሉላዊ ክምችት ማለት ከአስር ሺዎች እስከ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት በራሳቸው ስበት ተያይዘው የኳስ ቅርጽ የያዙበት ነው። የእኛ ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ ከ150 በላይ እንዲህ ያሉ ክምችቶች አሉት።

ሥራዬ መነጽር መሥራት ነው። ቀን ቀን ደሴ ውስጥ የሰው ዓይን ስለካ እውላለሁ። ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ወደ ቦሩ ሜዳ እወጣለሁ። የምመልስላችሁ እዚያ ካየሁትና ከምሠራው ሥራ ተነስቼ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በከተራ ሌሊት ታቦቱ ካደረበት ሜዳ ነበርኩ። 11 ሰዓት ገደማ በአጎቴ ባይኖኩላር ወደ ደቡብ ሳይ አንድ ደብዛዛ ኮከብ አገኘሁ። ባይኖኩላሩን ባስተካክለው ባስተካክለው እንደ ሌሎቹ ነጥብ አልሆነልኝም። ክብ ጭጋግ ነው። ጓደኞቼ ጅራታም ኮከብ ነው አሉኝ። ምንድን ነው? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጅራታም ኮከብ አይደለም። ሰዓቱንና አቅጣጫውን ሳየው ያገኘኸው ኦሜጋ ሴንታውሪን ነው። ከሰማዩ ሉላዊ ክምችቶች ሁሉ ብሩሁ እሱ ነው። 10 ሚሊዮን የሚሆኑ ከዋክብት አሉት። ርቀቱ ወደ 17,000 የብርሃን ዓመት ነው። ያን ያህል ርቆም ጨለማ ባለበት ቦታ ያለ ምንም መሣሪያ በዓይን ይታያል። ማንም ሳይነግርህ ራስህ ፈልገህ ማግኘትህ በጣም ደስ ብሎኛል።

ጓደኞችህን ለማሳመን እንዲህ አድርግ። ዙሪያውን ያሉትን ከዋክብት ወረቀት ላይ ንደፋቸው። ከሳምንት በኋላ ተመልሰህ እይ። ጅራታም ኮከብ ቢሆን ኖሮ ከጎረቤቶቹ አንጻር ቦታውን ይለቅ ነበር። ኦሜጋ ሴንታውሪ ግን ንቅንቅ አይልም።

ቦታውን እንደገና ለማግኘት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በደቡብ መስቀል በኩል ነው። በጥምቀት ሰሞን ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የደቡብ መስቀል ልክ ደቡብ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ታቦት አጅበው ከሚያድሩት ውስጥ ቀና ብለው ያዩት ስንቶቹ ይሆኑ? ከመስቀሉ በስተግራ ሁለት ደማቅ ከዋክብት አሉ። ለመስቀሉ የቀረበችው ቤታ ሴንታውሪ ናት። ከእሷ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ስትወጣ ኤፕሲሎን የምትባል መካከለኛ ኮከብ ታገኛለህ። በዚያው መስመር ያንኑ ያህል ርቀት ሳይሞላ ስትጨምር ክምችቱ ላይ ትደርሳለህ።

ሁለተኛው መንገድ ደቡቡ አድማስ በተራራ ለተጋረደበት ሰው ይሻላል። ሰንቡላ (ቪርጎ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለችውን ብሩህ ኮከብ ስፓይካን ፈልግ። ስፓይካ ከአናትህ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ከፍታዋ ጫፍ ላይ ስትደርስ ኦሜጋ ሴንታውሪም በትክክል ከእሷ በታች ነው። ክንድህን ዘርግተህ ቡጢህን ጨብጥ። ከስፓይካ ወደ ታች ሦስት ቡጢ ተኩል ለካ። እዚያ ነው።

በየካቲት ከሆነ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይታያል። በእነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ ስለሚውል ለሱሑር የሚነሱ ጎረቤቶችህንም ጥራቸው። በተለይ የረመዳን የመጀመሪያ አስር ሌሊቶች ጥሩ ናቸው። ጨረቃዋ ገና ልጅ ስለሆነች ሱሑር ሳይደርስ ትጠልቃለች፤ ሰማዩ ድቅድቅ ይላል። ለመነሳት የሚከብድህ ከሆነ ግንቦትን ጠብቅ። በግንቦት ማብቂያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያው ቦታ ታገኘዋለህ።

አንድ ነገር ልብ በልልኝ። እኛ ወሎ ያለነው 11 እና 12 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ነው። ስለዚህ ኦሜጋ ሴንታውሪ ከደሴ 31 ዲግሪ ያህል ከአድማስ በላይ ይወጣል። ለንደን ያለ ሰው በትልቅ ቴሌስኮፕም ከቤቱ ሆኖ አያየውም። ከአድማሱ በላይ ጭራሽ አይወጣለትምና። የሰሜኑን ዝነኛ ክምችት ኤም 13ንም እኛ ከ60 ዲግሪ በላይ ከፍታ ላይ እናየዋለን። ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አንደኛውን በደቡብ፣ ሌላውን በሰሜን ማየት ትልቅ ሀብት ነው። ከሁሉ በላይ እንድታውቁልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ታሪኩም ደስ ይላል። የጥንቱ የከዋክብት ተመራማሪ የእስክንድርያው በጥሊሞስ እንደ አንድ ኮከብ መዝግቦት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1603 የከዋክብት ካርታ ሠሪው ዮሐን ባየር ኦሜጋ የሚለውን ፊደል የሰጠውም ኮከብ መስሎት ነው። ኮከብ አለመሆኑን ያስተዋለው እንግሊዛዊው የከዋክብት ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1677 ከቅድስት ሄለና ደሴት ሆኖ። አንተ በባይኖኩላር ያስተዋልከው ሃሌይ ያኔ ያስተዋለውን ነው። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ኦሜጋ ሴንታውሪ በፍኖተ ሐሊብ የተዋጠ የትንሽ ጋላክሲ እምብርት ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ በመሃሉ በጣም የሚፈጥኑ ሰባት ከዋክብት አግኝቷል። ፍጥነታቸው እዚያ ቢያንስ የ8,200 ፀሐዮችን ያህል ክብደት ያለው ጥቁር ጉድጓድ እንዳለ ያመለክታል። ይህ የተገኘው ሃብል ቴሌስኮፕ በ20 ዓመት ውስጥ ካነሳቸው ከ500 በላይ ፎቶዎች ነው።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህር ነኝ። የትምህርት ቤታችን ክበብ ቴሌስኮፕ መስታወቱ 114 ሚሊ ሜትር፣ የትኩረት ርዝመቱ 900 ሚሊ ሜትር ነው። ኤም 13ን ለተማሪዎቼ ሳሳይ የሚታየው ጭጋግ ብቻ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ ግን ከዋክብቱን አንድ በአንድ ያሳያል። ልጆቹ ቅር አላቸው። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ መምህር፣ መሣሪያዎ ደህና ነው። የኤም 13 ዋና ዋና ከዋክብት ብርሃናቸው 12ኛ ደረጃ ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ይደበዝዛል። የ114 ሚሊ ሜትር መስታወት በጥሩ ጨለማ ከዚያ እምብዛም አያልፍም። በከተማ ብርሃን ውስጥ ደግሞ እዚያም አይደርስም። ስለዚህ ልጆቹን በኤም 13 አይጀምሩላቸው። ኤም 4 እና ኤም 22 የሚባሉት ክምችቶች ይቀሏቸዋል። ሁለቱም ለእኛ ቅርብ ናቸው፤ ደማቆቹ ከዋክብታቸው ከ11ኛ ደረጃ ብዙም አይርቁም።

ኤም 4ን ለማግኘት ልጅም አይቸገርም። አቅራብ (ስኮርፒየስ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ያለችውን ቀይ ኮከብ አንታሬስን መሃል ላይ ያድርጉ። ከእሷ ወደ ምዕራብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ያህል ፈቀቅ ሲሉ እዚያው አለ። መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ የከዋክብት መስመር አለው። ተማሪዎቹ ያንን መስመር ራሳቸው እንዲያገኙት ይተዉላቸው። ኤም 22 ቀውስ (ሳጂታሪየስ) በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው። ላምዳ ከምትባለው ኮከብ በስተሰሜን ምሥራቅ ሁለት ዲግሪ ተኩል ያህል ይርቃል። ከሉላዊ ክምችቶች ሁሉ መጀመሪያ የተገኘው እሱ ነው። አብርሃም ኢህለ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1665 አገኘው።

ሰዓቱን በተመለከተ በእኛ በኩል ሰኔን እመርጣለሁ። በልጉ ካበቃ በኋላ ክረምቱ ሳይገባ ያለችው ደረቅ ሰሞን ማለቴ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ አቅራብ በደቡብ ምሥራቅ በደንብ ወጥቷል። ተማሪዎቹ ሳይመሽባቸው ወደ ቤት ይገባሉ። ኤም 22 ግን ገና ዝቅ ስለሚል ሁለት ሰዓት ያህል መታገስ ይፈልጋል።

ማጉላት ላይ ሰዎች ይሳሳታሉ። ጭጋግ የሚመስል ነገር ሲያዩ ትንሹን ጉላት ይመርጣሉ። ለሉላዊ ክምችት ትክክሉ ተቃራኒው ነው። በ25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ 36 ጊዜ ያጎሉና ያግኙት። ከዚያ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይቀይሩ፤ 100 ጊዜ ይሆናል። አየሩ የተረጋጋ ከሆነ 150ም ይሞክሩ። ሲያጎሉ የሰማዩ ጀርባ ይጨልማል፤ የከዋክብቱ ነጥቦች ግን ያን ያህል አይደበዝዙም። ስለዚህ ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ።

ቀጥሎ ያለው የእኔ ሙያ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የዓይናችን መሃል ቀለምና ጥቃቅን ነገር ለመለየት የተሠራ ነው። ለደካማ ብርሃን የሚነቁት ሴሎች ያሉት ከመሃል ወጣ ብለው ነው። ስለዚህ ልጆቹ ክምችቱን በቀጥታ እንዳያፈጡበት ይንገሯቸው። በሌንሱ ወደሚታየው ክብ ዳር እያዩ ልባቸውን መሃሉ ላይ ያድርጉ። ያን ጊዜ ከዋክብቱ አንዴ ብልጭ አንዴ እልም እያሉ ይታያሉ። ይህ እንዲሆን ግን ዓይን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጨለማ መልመድ አለበት። አንድ ልጅ ስልኩን ከከፈተ የሁሉም ልፋት ዜሮ ይገባል። ስልክ ከበር ላይ ይሰብሰብ። ለማንበብ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ሸፍኑት።

ሁለት ነገር ልጨምር። ቴሌስኮፑን ከመመልከታችሁ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ደጅ አውጡት። መስታወቱ እንደ አየሩ እስኪቀዘቅዝ ምስሉ ይርገበገባል። ቀን ሙሉ ፀሐይ የበላው የቆርቆሮ ጣራ ላይ አሻግራችሁም አትመልከቱ፤ ሙቀቱ ማታም ይወጣል። ደግሞ ሁለቱ መስታወቶች መስመር ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። አንድ ደማቅ ኮከብ ከትኩረት ውጭ አድርጋችሁ እዩ። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው መሃል ካልተቀመጡ ብሎኖቹን ማስተካከል ያስፈልጋል። መስታወቱን ግን በሶፍትም ሆነ በጨርቅ እንዳትጠርጉት እለምናችኋለሁ። አቧራ ብዙም አይጎዳውም። ጭረት ግን አይድንም።

ጥያቄ፦ መነጽር አደርጋለሁ። ቴሌስኮፕ ሳይ ላውልቀው ወይስ ላድርገው? (ከደሴ፣ ሮቢት)

መልስ፦ እህቴ፣ የማዘዣ ወረቀትሽን እይ። ቅርብ ወይም ሩቅ ማየት ብቻ ከሆነ ችግርሽ አውልቂው። የቴሌስኮፑን የትኩረት ቁልፍ ስታዞሪ ራሱ ያካክሰዋል። ወረቀቱ ላይ አስቲግማቲዝም የሚል ካለ ግን ትኩረቱ አያስተካክለውም። ከዋክብቱ ይንሻፈፉብሻል። በትንሽ ጉላት መነጽርሽን አድርጊ። በትልቅ ጉላት ወደ ዓይንሽ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ስለሚቀጥን ብዙ ሰው ያለ መነጽርም ይመቸዋል። አውልቀሽም አድርገሽም ሞክሪና ነጥቡ የጠራልሽን ያዢ።

ጥያቄ፦ ሠርግ ነው የማነሳው። ካኖን ካሜራና 200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ 2.8 ሌንስ አለኝ። የሰማይ መከተያ መሣሪያ የለኝም። ሉላዊ ክምችት ማንሳት እችላለሁ? ከቻልኩስ መከተያ ልግዛ? (ፎቶግራፈር፣ ከደሴ)

መልስ፦ በደንብ ትችላለህ። በኦሜጋ ሴንታውሪ ጀምር። በጥሩ ፎቶ ላይ ስፋቱ ከሙሉ ጨረቃ ይበልጣል፤ ስለዚህ ለ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል።

ችግሩ የምድር መዞር ነው። ሰማዩ በሰከንድ 15 አርክ ሰከንድ ይሄዳል፤ አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሰከንድ ነው። ኦሜጋ ሴንታውሪ ወደ ደቡብ ዋልታ ጠጋ ስለሚል የሱ ፍጥነት 10 ገደማ ነው። ሴንሰሩ አነስተኛ የሆነው ዓይነት ካሜራ ከሆነ በ200 ሚሊ ሜትር አንዷ ፒክስል 4 አርክ ሰከንድ ያህል ትይዛለች። በአንድ ሰከንድ ከዋክብቱ ሁለት ፒክስል ተኩል ተንሸራተቱ ማለት ነው። ይህ ያስኬዳል። ከሁለት ሰከንድ ካለፍክ ግን ነጥቦቹ ሰረዝ መሆን ይጀምራሉ።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራውን ጠንካራ ትራይፖድ ላይ ሰቅለህ ማንዋል አድርገው። ፋይሉን በሮው ያዝ። አይኤስኦ 3200፣ ሻተር 1 ሰከንድ። ትኩረቱን በአውቶ አትመን። ደማቅ ኮከብ ላይ በላይቭ ቪው አስር ጊዜ አጉልተህ ነጥቧ እስክታንስ በእጅህ አስተካክል፤ ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቀው። በሪሞት ወይም በኢንተርቫሎሜትር 300 ፎቶ አንሳ። በየጥቂት ደቂቃው ክምችቱን ወደ መሃል መልሰው። በመጨረሻ የሌንሱን ክዳን ዝጋና በዚያው ቅንብር 30 ያህል ጨለማ ፎቶ ጨምር። የሴንሰሩን ጉድለት ለመቀነስ ነው። ቤት ገብተህ ሁሉንም በዲፕስካይስታከር ወይም በሲሪል ደራርባቸው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። 300 የአንድ ሰከንድ ፎቶ ሲደረብ የአምስት ደቂቃ ብርሃን ተሰበሰበ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፎቶውን በኮምፒውተር ስታደምቅ የክምችቱን እምብርት አታቃጥለው። ብዙ የሚታዩ ፎቶዎች መሃላቸው ነጭ ብቻ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አንተ የሙሽራ ቬሎ ላይ ያለው ጥልፍ እንዳይጠፋ እንደምትጠነቀቀው ነው። ሂስቶግራሙ ቀኝ ጫፍ ላይ ከተጣበቀ ጥልፉ ጠፍቷል። የሉላዊ ክምችት ውበት ደግሞ መሃሉ ላይ ነው፤ ከዋክብቱ እየተጠጋጉ፣ እየተጠጋጉ ሄደው ግን ሳይዋሃዱ። ዳሩን ለማውጣት ስትል መሃሉን አትሠዋ። ግድ ከሆነ ሁለት ዓይነት ፎቶ አንሳ። አጭሩን ለእምብርቱ፣ ረጅሙን ለዳሩ ተጠቀምና አዋህዳቸው።

ቀለሙንም ጠብቅለት። ቢጫና ብርቱካንማ የሚመስሉት ያረጁ ግዙፍ ከዋክብት ናቸው። ሰማያዊዎቹ ደግሞ ያን ደረጃ አልፈው በእምብርታቸው ሂሊየም የሚያነዱ ናቸው። ቀለሙ የእድሜያቸውን ምዕራፍ ይናገራል። ከልክ በላይ ካቀለምከው ግን ውሸት ይሆናል።

መከተያ ልግዛ ላልከው፣ መጀመሪያ ባለህ ካሜራ አንድ ወቅት ሥራ። ከወደድከው በኋላ ግዛ። ስትገዛ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቅ፦ የሚዞርበት ዘንግ እስከ 11 ዲግሪ ዝቅ ይላል ወይ? ብዙዎቹ የተሠሩት ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ነው። የእኛን ያህል ዝቅተኛ ኬክሮስ ሲሆን አንዳንዱ አይወርድም፤ የሚወርደውም የሚዛን ብረቱ ከማቆሚያው እግር ጋር ይጋጫል። ዘንጉ የሚያነጣጥርባት የሰሜን ኮከብም ከደሴ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል ከጋራው ጀርባ ልትደበቅ ትችላለች። ያን ጊዜ ከዋክብቱ ወዴት እንደሚንሸራተቱ እያየህ ማስተካከል ትችላለህ። ወይም ኮምፒውተሩ ሦስት የሰማይ ፎቶ አንስቶ ዋልታውን እንዲያሰላልህ አድርግ። በትክክል ከተስተካከለ በትንሽ ቴሌስኮፕ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ፣ አይኤስኦ 800 ይበቃሃል። ያኔ ኤም 13ም፣ ኤም 5ም፣ ኤም 22ም ይሆኑልሃል።

ወደ ውጭ ስትወጣ ብቻህን አትሂድ። ጅብ አለ፤ ብርዱም ቀላል አይደለም። ቦሩ ሜዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ጋቢና ትርፍ ባትሪ ያዝ። ባትሪውን በብብትህ አሙቀው፤ ብርድ ቶሎ ይጨርሰዋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ለአካባቢው ሰውና ለቀበሌ አስቀድመህ ተናገር። በጨለማ ሦስት እግር ላይ የቆመ ረጅም ቱቦ ለማያውቅ ሰው ያስደነግጣል። ይህ ሕዝብ ብዙ አይቷል። መጥተው እንዲያዩ ጋብዛቸው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ልግዛ? (ብዙ አንባቢዎች)

መልስ፦ 10 በ50 ባይኖኩላር፤ 10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። ከዚያ ከወደዳችሁት ባለ 150 ወይም ባለ 200 ሚሊ ሜትር የዶብሰን ቴሌስኮፕ፤ ቀላል ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚዞር ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ ነው። ካርቶኑ ላይ “525 ጊዜ ያጎላል” ተብሎ የተጻፈበትን ትንሽ ቴሌስኮፕ አትግዙ። ለክምችት የሚያስፈልገው የመስታወቱ ስፋት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እነዚህ ክምችቶች ከፀሐይ በፊት የነበሩ ናቸው ብለሽ ጽፈሻል። ሰው 80 ዓመት ሳይሞላው የሚሞት ፍጡር ሆኖ ይህን በምን ያውቃል? ከዋክብቱ ያን ያህል ተጠጋግተው ሳሉስ አይጋጩም? (አዛውንት፣ ከወልድያ)

መልስ፦ አባቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። እድሜያቸው የሚታወቀው በማወዳደር ነው። የአንድ ክምችት ከዋክብት በአብዛኛው አብረው የተወለዱ ናቸው። ትልቅ ኮከብ ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል፤ ትንሹ ቆጥቦ ይኖራል። ስለዚህ በክምችቱ ውስጥ ገና ያልሞቱት ትልልቆቹ ስንት ይመዝናሉ ብሎ መመልከት ነው። በሉላዊ ክምችቶች ከፀሐያችን የሚከብዱት የወትሮ ከዋክብት አልቀዋል። የቀሩት ከእሷ የቀለሉት ናቸው። ያን ያህል ኮከብ እስኪያረጅ የሚፈጀው ጊዜ ሲሰላ ከ10 እስከ 13 ቢሊዮን ዓመት ይመጣል። የፀሐይ እድሜ 4.6 ቢሊዮን ነው።

ሌላም ምስክር አለ። ብረትና ሌሎች ከባድ ንጥረ ነገሮች የሚፈጠሩት በከዋክብት ውስጥና በሞታቸው ጊዜ ነው። በእነዚህ ክምችቶች ብርሃን ውስጥ ብረት በጣም ጥቂት ነው። ከእነሱ በፊት ብዙ ኮከብ ኖሮ አልሞተም ማለት ነው።

ስለ መጋጨቱ፣ ከሩቅ የተጣበቁ ይመስላሉ እንጂ በመካከላቸው ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ቢሆንም በእምብርቱ አካባቢ አልፎ አልፎ ሁለት ከዋክብት ይዋሃዳሉ። ከጓደኞቻቸው ይልቅ ወጣት መስለው የሚታዩ ሰማያዊ ከዋክብት አሉ፤ በዚህ መንገድ ወይም አንዱ ከሌላው ቁስ በመውሰዱ የተፈጠሩ ናቸው።

ደግሞ ይህን ልንገርዎ። እኛ በጋላክሲው መሃል አለመሆናችንን ያወቅነው በእነዚህ ክምችቶች ነው። ሃርሎ ሻፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት የክምችቶቹን ርቀት እየለካ ነበር። በእኛ ዙሪያ እኩል እንዳልተበተኑ አየ። አብዛኞቹ በቀውስና በአቅራብ አቅጣጫ ይበዛሉ። የጋላክሲው መሃል በዚያ በኩል ነው፣ እኛ ዳር ነን አለ። ርቀቱን አብዝቶታል፤ አቅጣጫው ግን ልክ ነበር። በክረምት መግቢያ ማታ ወደ ደቡብ ቢመለከቱ ያንን መሃል በዓይንዎ ያዩታል። ክምችቶቹም በእርግጥ በዚያ በኩል ይበዛሉ።

ጥያቄ፦ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። እንግዶች በብዛት የሚመጡት ከኅዳር እስከ ገና ነው። ሰማዩም ያኔ በጣም ይጠራል። ነገር ግን ኦሜጋ ሴንታውሪ በምሽት የለም። ባለችኝ 80 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ ምን ላሳያቸው? (ከላሊበላ)

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ የሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የቀለበት ግርዶሽ ያለፈው በእናንተ ሰማይ ነውና እንግዶችህን ወሬውን ከዚያ ጀምርላቸው። ወደ ክምችቶቹ ስንመጣ፣ በኅዳር መጀመሪያ ሲመሽ ኤም 15 እና ኤም 2 ገና ከፍ ብለው ይገኛሉ። መጀመሪያ ኤም 15ን አሳያቸው፤ እምብርቱ እጅግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በ80 ሚሊ ሜትርም መሃሉ ደምቆ ይታያል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ደግሞ ደቡቡን ተመልከት። 47 ቱካኔ የሚባለው ክምችት ከኦሜጋ ሴንታውሪ ቀጥሎ ሁለተኛው ብሩህ ነው። ከላሊበላ ግን ከአድማስ 6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ስለዚህ ደቡቡ ገደል ወይም ክፍት የሆነ ቦታ ቀን ላይ መርጠህ አስቀምጥ። ወደ አሸተን ማርያም በሚወስደው ዳገት ላይ እንዲህ ያለ ቦታ ታገኝ ይሆናል፤ ገዳሙን ግን አስፈቅድ። አየሩ ስለሚወፍር ምስሉ ይርገበገባል፤ የሚጠብቁት ጥራት ሳይሆን ማየቱ ራሱ መሆኑን አስቀድመህ ንገራቸው። ከሰሜን አውሮፓ ለመጣ እንግዳ ከአገሩ በፍጹም የማይታይ ነገር ነው።

ገና ሲቃረብ ኤም 79 አለልህ። ኦርዮን ከወጣ በኋላ ከእግሮቹ በታች ሌፐስ የሚባል ትንሽ የከዋክብት ስብስብ አለ፤ ክምችቱ በዚያ ስብስብ ውስጥ ወደ ታች ነው። በ80 ሚሊ ሜትር ትንሽ ክብ ብርሃን ሆኖ ይታያል። ወደ 41,000 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አሳያቸው፤ ያኔ በደንብ ከፍ ይላል። ጨረቃ የሌለችባቸውን ሌሊቶች አስቀድመህ ቆጥረህ ያዝ፤ በጨረቃ ጊዜ ኤም 79ን በዚያ ቴሌስኮፕ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።